ሲበዛ ማርም ይመራል፤ አባባ የጨመሩት አንድ ሊትር ዘይት

በእኛ ቤት ሚኒባሱ ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ታናሽ ወንድሜ ከደባርቅ ጎንደር እየተመላለሰ የሚያገኘው ገቢ የሁለት ልጆቹን የትምህርት ወጪ፣ የእናታችንን የስኳር መድኃኒትና የወር ዕቁቡን ይሸፍናል። መኪናው የተገዛው እህታችን ከዐረብ አገር በላከችው፣ ወንድሜ በተበደረውና አባባ ከጡረታቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ ነው። ሚኒባሱ የቆመ ቀን የሁላችንም ኑሮ አብሮ ይቆማል።

ይህ መኪና አንድ ክረምት ላይ ሞተሩ ነከሰ። ግጭት አልደረሰበትም፤ ዘይትም አልጎደለበትም። የጎዳው የበዛ ዘይት ነው። አብዝተው የጨመሩት ደግሞ ከማንም በላይ ለመኪናው የሚሳሱት አባባ ነበሩ። ታሪኩን እንድጽፈው የፈቀዱልኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «ሌላ ቤት እንዳይደገም ጻፊው» ብለውኛል።

የዚያ ቀን ማለዳ

የወላጆቻችን ቤት ዳባት ነው። ግቢያችን፣ እንደ ብዙው የአካባቢያችን ግቢ፣ ተዳፋት ላይ ነው ያለው። በዚያ ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መኪናው አራት ቀን ግቢ ውስጥ ቆሟል። መንገዱ ተከፈተ በተባለ ማግስት አባባ ጎህ ሳይቀድ ተነሡ።

አባባ በጉልምስናቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገደሉን እየሰነጠቀ ያወጣውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ጭነት ይዘው ሲወጡና ሲወርዱ ነው የኖሩት። ያኔ የሚነዷቸው መኪኖች ያረጁ ስለነበሩ ዘይት ይጠጡ ነበር። በየጉዞው አንድ ሊትር ካልተጨመረላቸው ካሰቡበት አይደርሱም። «በመኪና ዘይት አይሰሰትም» የሚለው የአባባ አባባል ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ለእነዚያ መኪኖች ልክ ነበር።

አባባ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው የሞተሩን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዙ። መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሎ የቆመ ነው። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ሆኖ ታያቸው። አንድ ሊትር ሙሉ ጨመሩና ለማንም ሳይናገሩ ወደ ጸሎታቸው ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ረዳቱ መጣ። ወንድሜ ማታውኑ እዚያው ተዳፋት ላይ ዘይቱን አይቶ «ነገ ከመነሣታችን በፊት ግማሽ ሊትር ጨምር» ብሎት ነበር። ልጁም የታዘዘውን፣ ሳይለካ፣ ጨመረ። ወንድሜ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት «ዘይት ታይቷል?» ብሎ ጠየቀ። ረዳቱ «ሞልቷል» አለው፤ አባባም ከበረንዳ ሆነው «ሞልቷል፣ ሂድ» አሉት። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር።

መኪናው ደባርቅ ደረሰ፤ ተሳፋሪ ጭኖም ወደ ጎንደር ተመለሰ። ዳባትን አልፎ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲያቀና ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ይከተለው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ወንድሜ ግን አልቆመም። ዘይቱ ሙሉ እንደሆነ ሁለት ሰው ነግሮታል፤ ስለዚህ «የመብራቱ ገመድ ይሆናል» ብሎ ቀጠለ። አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ ከሞተሩ ውስጥ መዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሞተሩ ቀጥ አለ።

ተሳፋሪዎቹ ወደ ሌላ መኪና ተዛወሩ፤ ሚኒባሱ እየተጎተተ ጎንደር ገባ። ሞተሩ ሲፈታ ከሚገባው በላይ አንድ ሊትር ተኩል የሚሆን ዘይት ተገኘ። የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚያርፍባቸው ስስ ብረቶች ተልጠዋል፤ ዘንጉም ተጫጭሯል። ጥገናው ሁለት ወር ፈጀ። እህታችን ለራሷ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ደግማ ላከች።

ወንድሜ የጠረጠረው ረዳቱን ነው። ልጁ ግማሽ ሊትር መጨመሩን አመነ። «የቀረውን አላውቅም» ቢልም የሚያምነው አጣ። ከሥራ ተባረረ። አባባ ሁሉን እያወቁ ዝም አሉ።

ዘይት ሞተር ውስጥ ምን ይሠራል?

ሞተር ውስጥ ብረት በብረት ላይ ይሄዳል። ብረቶቹ እንዳይፋጩ በመካከላቸው ስስ የዘይት ሽፋን መኖር አለበት። ዘይቱ ከዚህ ሌላ ሙቀት ይሸከማል፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ጠርጎ ወደ ማጣሪያው ይወስዳል። ሥራውን ሲጨርስ ከሞተሩ በታች ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ከዚያ ፓምፕ እየመጠጠ እንደገና ወደ ላይ ይገፋዋል።

ከማጠራቀሚያው በላይ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ መካኒኮች ክራንክ ሻፍት የሚሉት፣ ይሽከረከራል። መኪናው በመንገድ ላይ እያለ ይህ ዘንግ በደቂቃ ሁለት ሺህና ሦስት ሺህ ጊዜ ይዞራል። ዘይቱ ልኩን ከያዘ በዘንጉና በዘይቱ መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። በመለኪያው ላይ ያለው የላይኛው ምልክት ይህ ክፍት ቦታ እንዳይጠፋ የተበጀ ወሰን ነው።

እናቶች ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቁታል። ጠላ ስትጠነስሱ ጋኑን እስከ አፉ አትሞሉትም። ሲፈላ ገንፍሎ ክዳኑን እንዳያነሣ ቦታ ትተዉለታላችሁ። ሞተርም እንደዚያው ነው።

ሲበዛስ?

ዘይቱ ከወሰኑ ሲያልፍ የሚሽከረከረው ዘንግ ይደርስበታል። ያኔ ቅል ውስጥ እንዳለ ወተት ይንጠዋል፤ አየር እየቀላቀለም አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ብረትን ከብረት ለይቶ መያዝ አይችልም። ፓምፑም ዘይት መጥጦ መላክ ሲገባው ከአየር ጋር የተደባለቀ ነገር ይስባል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ሞተሩ ዘይት ሞልቶት ሳለ ዘይት ይጠማዋል ማለት ነው።

ወንድሜን ያሳሳተው ይህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት መብራት በብዙ መኪኖች የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው፤ ስለ መጠኑ አይደለም። ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ግፊት ከሌለ መብራቱ ይበራል። ቀይ መብራት ሲበራ ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ዳር ይዞ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት። አሥር ኪሎ ሜትር «እስኪ ትንሽ ልሂድ» ማለት ብዙ ጊዜ የአንድ ሞተር ዋጋ ያስከፍላል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የተናጠው ዘይት በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ የጎማ ማሸጊያዎቹን ይገፋል፤ ዘይትም በየስፌቱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከኋላ በኩል ካፈሰሰ ፍሪስዮኑን ሊነካና ሊያንሸራትት ይችላል። ከፊሉ ደግሞ በመተንፈሻው ቱቦ አልፎ አየር ወደሚገባበት ይሄድና ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ሰማያዊው ጭስ የሚመጣው ከዚህ ነው። በቤንዚን መኪና ላይ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈንና ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ከሁሉ የከፋው በናፍጣ መኪና ላይ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ነው። የናፍጣ ሞተር የገባለትን ዘይት እንደ ነዳጅ ሊያቃጥለው ይችላል። ብዙ ዘይት በአየር መግቢያው ከገባ ሞተሩ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶም በራሱ ይጮኻል፤ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ መኪናው በእጅ ማርሽ የሚሠራ ከሆነ ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪስዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን አንቆ ማጥፋት ይሞከራል። ካልሆነ ሰዎችን አውርዶ መራቅ ነው። የሚጮኽ ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ ማየት ወይም አየር መግቢያውን በእጅ መድፈን ለሕይወት አስጊ ነው።

በእኛ አገር ለምን ይቀላል?

ለዚህ ስሕተት የሰሜን ሰው ከሌላው በላይ የተጋለጠ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት መሬቱ ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅም እስከ ፓርኩ ድረስ ደልዳላ ማቆሚያ በቀላሉ አይገኝም። መኪና ተዳፋት ላይ ሲቆም ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይተኛል። የመለኪያው ዘንግ በከፍታው በኩል ከሆነ ሳይጎድል የጎደለ፣ በዝቅታው በኩል ከሆነ ደግሞ ጎድሎ ሳለ የሞላ ይመስላል። አባባንም ወንድሜንም ያሳታቸው የግቢያችን ተዳፋት ነው።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ወደ ሰፈረው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ የሚያመላልሱ መኪኖች ደግሞ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ከዚህም ከፍ ይላሉ። አየር ሲሳሳ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ በተለይ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ያበዛል። ይህን ያየ ሰው «ዘይት ጎድሎበት ይሆናል» ብሎ ይጨምራል። ዘይት ግን ስስ አየርን አያወፍርም።

ስለዚህ የጭሱን ቀለም መለየት ይጠቅማል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ ወይም አየር አንሶ በደንብ አለመቃጠሉን ያሳያል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ማለዳ በብርድ ሞተር ሲነሣ ነጭ ጭስ ቢታይና ወዲያው ቢጠፋ አያሳስብም። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭሱ ካልቆመ ግን መካኒክ ማየት አለበት።

ሦስተኛው ልማድ ነው። ዘይት የሚጠጣ አሮጌ መኪና የነዳ ሰው እጁ ለመጨመር ይቸኩላል። በዚያ ላይ በእኛ ቤት አንድን መኪና የሚንከባከበው ብዙ ሰው ነው፤ አባት፣ ልጅ፣ ረዳት፣ ሲያስፈልግም ጎረቤት። እያንዳንዱ በቅንነት ጥቂት ቢጨምር ድምሩን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ዘይት ሲቀየርም ተመሳሳይ ስሕተት ይፈጠራል። አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ ሳይወጣ፣ ወይም ማጣሪያው ሳይቀየር፣ መመሪያው ላይ የተጻፈው ሊትር በሙሉ ይገለበጣል። ውስጥ የቀረው ከአዲሱ ጋር ሲደመር ከወሰኑ ያልፋል። ባጃጅ የያዘ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ የባጃጅ ሞተር የሚይዘው ዘይት ጥቂት ስለሆነ ለሚኒባስ ቀላል የሚመስል ጭማሪ ለእሱ ብዙ ነው።

እንዴት ይለካል?

መለካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ልጆችም ሊማሩት ይችላሉ።

አንደኛ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ልኬቱን ለማደያው ወይም ለአስፋልቱ ደልዳላ ክፍል አቆዩት። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ወዲያው ከለካችሁ ዘይቱ ገና ከላይ ስላልወረደ ሳይጎድል የጎደለ ይመስላል። ደልዳላ ቦታ ላይ ካደረ መኪናውን ማለዳ ሳታስነሡ መለካትም ይቻላል። የመኪናው መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ ግን እሱን ተከተሉ።

ሦስተኛ፣ ዘንጉን መዛችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ክተቱትና እንደገና ምዘዙ። የመጀመሪያው ምዘዛ አይታመንም፤ በጉዞ የተረጨ ዘይት ዘንጉን ስለሚቀባው ያሳስታል። አራተኛ፣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ በቂ ነው። የላይኛውን ምልክት የግድ መንካት የለበትም። በብዙ ትናንሽ መኪኖች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሊትር ብዙም አይርቅም። ከመካከል ላይ ለሚገኝ ዘይት አንድ ሊትር መጨመር ከወሰን ማለፍ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ መጨመር ካስፈለገ ሩብ ሊትር ጨምሩ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ደግማችሁ ለኩ። ዘይትና ማጣሪያ ከተቀየረ ደግሞ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉ፤ ማጣሪያው ድርሻውን ከወሰደ በኋላ እንደገና ለኩ።

በዝቶ ከተገኘ ምን ይደረግ?

አንድ ነገር በደንብ ይታወቅ። ሞተሩ ካልተነሣ የበዛው ዘይት ምንም አልጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው ቁልፉ ሲዞር ነው። ስለዚህ አብዝቶ የጨመረ ሰው በዚያች ሰዓት «ኧረ አብዝቻለሁ፤ አታስነሣው» ካለ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ከላይኛው ምልክት በጣት ቆዳ ያህል ማለፉ አብዛኛውን ጊዜ ሞተር አይገድልም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ይቀነስ። ከሞተሩ በታች ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጎ ጥቂት ማውጣት አንዱ መንገድ ነው። በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በትልቅ መርፌ መምጠጥ ሌላው ነው። ትኩስ ዘይት ቆዳ ይልጣል፤ ሞተሩ ለብ እስኪል ጠብቁ። የወጣውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙ እንጂ መሬት ላይ አትድፉት። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርዱ ምንጮች ወደ ተከዜ ነው የሚገቡት፤ መንገድ ላይ የሰው ልጅም ከብትም ይጠጣቸዋል።

ማንም ሳይጨምር ዘይቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ሌላ ሕመም አለ። የናፍጣ ሽታ ካለው ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ይሆናል። ቀለሙ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ተቀላቅሎት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የተናጠ ዘይትም እንዲሁ ይነጣል። በሁሉም መንገድ መኪናው መካኒክ ሳያየው መነሣት የለበትም።

የአባባ ቃል

አባባ ሦስት ሳምንት ዝም አሉ። እንቅልፍ ማጣታቸውን እናታችን ነበረች የነገረችን፤ ምክንያቱን ግን እሷም አላወቀችም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ወንድሜ የዚያን ረዳት ስም አንሥቶ መራገም ጀመረ። አባባ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጁን ተወው። አንድ ሊትሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድሜ ቀና ብሎ አያቸውና «አባባ፣ ያን ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ…» ብሎ አልጨረሰውም። አባባ ጨረሱለት። «አፈርኩ። አርባ ዓመት ሹፌር የነበረ ሰው ዘይት መለካት አያውቅም እንዳትሉኝ አፈርኩ።»

ከዚያ የሆነውን ስጽፈው ደስ ይለኛል። አባባ በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ይዘው ደባርቅ ሄዱ። የረዳቱ እናት ቤት ገብተው ልጃቸውን ይቅርታ ጠየቁ። ልጁ አጎንብሶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እናቱ አለቀሰች። ሚኒባሱ ከጥገና ሲወጣ ረዳቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወንድሜም በበኩሉ ልጁን ሳይለካ እንዲጨምር ያዘዘው እሱ መሆኑን ነገረው።

ይህን ከሞተሩ ጋር አያይዤ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩን የጎዳው ዘይቱ ነው፤ ቤቱን የጎዳው ግን ዝምታው ነበር። አያት፣ አባት ወይም ልጅ ሲሳሳት ወዲያው መናገር የሚያሳፍርበት ቤት ውስጥ ትንሽ ስሕተት ትልቅ እስኪሆን ተሸሽጎ ይቆያል። ልጆቻችን «ተሳስቻለሁ» ማለትን ከእኛ ካልሰሙ ከየት ይማሩታል?

አሁን በሚኒባሱ ዳሽቦርድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች። ደንቡ አንድ ነው፤ ዘይት የለካም የጨመረም ሰው ቀኑንና መጠኑን ይጽፋል፤ ሳይጽፍ የጨመረ የለም። ባለፈው ሳምንት ዳባት ሄጄ ገለጥ ገለጥ አደረግኋት። የመጨረሻው መስመር በአባባ የተንቀጠቀጠ እጅ የተጻፈ ነው፤ «አስፋልት ላይ ለካሁ። ልክ ነው። ምንም አልጨመርኩም።»